የሰው እርሾ

«ልጅሽ ከእጄ አትበላም። ልገድላት የተነሣሁ ነው የሚመስላት።»

ይህን ያለችው ሐበርያር ዴቆ ናት፤ የተነገራት ድሬዳዋ ያለችው እናቴ ናት፤ ሳይነገረኝ የሰማሁት ደግሞ እኔ። ሐበርያር በሱማሌኛ የእናት እኅት ማለት ነው። የእኔዋ ስልክ ስታወራ ድሬዳዋ ድረስ በጉልበቷ መጮህ ያለባት ስለሚመስላት፣ ግቢያችን ውስጥ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በኋላ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። ከበሩ ጀርባ ቆሜ ጫማዬን እያጠለቅሁ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሆዱ ይባባ ነበር፤ እኔ ግን «ደህና ተናገረች» አልኩ በልቤ። የሚመስለኝ እንደዚያ ነበራ። በክፋት ትገድለኛለች ማለቴ አይደለም። በችኮላ በታጠበ ድስት፣ ፓስታ ባማሰለ ማንኪያ፣ «ትንሽ ምን ያደርጋታል» በሚል ደግነት፣ ሰውን ቀስ ብሎ መጨረስ ይቻላል።

እኔ ስንዴ አልበላም። ምርጫም ቅብጠትም አይደለም። ከሰባት ወር በፊት አዲስ አበባ አንድ ሐኪም በጉሮሮዬ ካሜራ አውርዶ አንጀቴን አየና «ሴሊያክ» አለኝ። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ሙሉ ደሜ እያነሰ፣ ሆዴ እየተነፋ፣ ፀጉሬ እየረገፈ ስኖር ሀርጌሳ ያልሰጠችኝ ስም አልነበረም። ዓይን ነው ተባልኩ፤ ጂኒ ነው ተባልኩ፤ «ባል ስታገቢ ይተውሻል» ያሉኝም አሉ፣ ባል ፋርማሲ ውስጥ የሚሸጥ ይመስል። የበሽታዬን ስም ካወቅሁ ወዲህ ግን ያላነበብኩት ነገር የለም። የትራንዚት ቢሮ ጸሐፊ ነኝ፤ የበርበራ ወደብ ወረቀት ስጽፍ እውላለሁ፤ እንግሊዝኛውንም ኮምፒውተሩንም ያስተማረኝ ስልኬ ነው። ቢሆንም በዚህ ከተማ ስለ ግሉተን ከእኔ ጋር ልከራከር የሚል ካለ፣ ወንበር አቀርብለታለሁ።

የምንኖረው 26 ጁን በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር ነው። ሰማያዊ የብረት በር፣ ሲሚንቶ የለበሰ ግቢ፣ አንድ የውሃ ታንከር፣ ሁለት ክፍልና ከኋላ ጠባብ ወጥ ቤት። ሐበርያር፣ አዴር ማለትም አጎቴ የምላቸው ባሏ ካሂንና እኔ ነን። ምሳ የሚበላው ከአንድ ትሪ ነው፤ ሩዙ ወይ ፓስታው ይዘረገፋል፣ ሥጋው ከላይ ይቀመጣል፣ ሁሉም ከየፊቱ ያነሣል። ከትሪው የሚለይ ሰው ወይ ተላላፊ በሽታ ይዞታል፣ ወይ ከቤቱ ተጣልቷል፤ ሦስተኛ ምክንያት ሰው አያውቅም። እኔ ግን ከአዲስ አበባ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን የራሴን ሳህን፣ ማንኪያና ድስት ገዝቼ፣ ሁሉንም በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌ፣ «ቀዩን ማንም እንዳይነካ» ብዬ አወጅሁ። ሐበርያር ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ምግብ አንድ ቃል አልወጣትም። እነሱ ትሪው ዙሪያ፣ እኔ በሩ አጠገብ ባለችው ዱካ ላይ ቀይ ሳህኔን ታቅፌ፣ በመሐከላችን የአዴር ካሂን ሬዲዮ ብቻ ያወራል። ከሁለት ወር ወዲህ ደግሞ ነገሩ ባሰ። ፓስታውን ወጥ ቤት መቀቀል ትታ፣ በዚያ ፀሐይ ግቢ አውጥታ በከሰል ምድጃ ትቀቅል ጀመር። ጎረቤት እንዲያይላት ነው ብዬ ተረጎምኩት፤ «ከገዛ ወጥ ቤቴ አስወጣችኝ» ለማለት። ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤቱን ከውስጥ ትቀረቅራለች። የሰፈሩ ፍየሎችም ምን እንደለመዱ እንጃ፣ ገና ሳይነጋ በራችን ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ።

ያ ሐሙስ የሁለተኛው የደም ምርመራዬ ውጤት የሚወጣበት ቀን ነበር። ከራሴ ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። ቁጥሩ እንደሚገባው ከወረደ እቀመጣለሁ፤ ካልወረደ በዚህ ቤት ስንዴ እየበላሁ ነው ማለት ነውና ክፍል ተከራይቼ እወጣለሁ። ያላገባች ሴት፣ ዘመድ እያላት፣ ብቻዋን ቤት ያዘች ሲባል ምን እንደሚወራ አላጣሁትም። ወሬው አያስፈራኝም፤ ስለ እኔ ሲወራ ስድስት ዓመት ሰምቻለሁ። የሚያስፈራኝ ሐበርያር ነበረች። እሷ እንዲህ ያለ ነገር አትረሳም። አንዴ ከወጣሁ በዒድ እንኳ በሯን እንደማትከፍትልኝ አውቅ ነበር።

ላቦራቶሪው ከአንድ ሞባይል ጠጋኝ ሱቅ በላይ ነው። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ሲገናኙ አንዱ ግድግዳ መሆን አለበት። ባለሙያው ዓብዲሰላም ጅጅጋ የተማረ ነውና ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራል፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ጆሮ እንዳይደርስ ለእኔ ማሰቡ ነው። ወረቀቱን ከመስጠቱ በፊት መነጽሩን ጠረገ። ያኔ ገባኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ወርዷል» አለ።

«ስንት ገባ?»

«ከሁለት መቶ ሠላሳ ወደ መቶ ዘጠና።»

«በሰባት ወር አርባ?»

«ወርዷል ነው ያልኩሽ፤ በደንብ ወርዷል አላልኩም።»

ቁጥሩ የምን እንደሆነ ላስረዳ። ስንዴ ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ሊጡን እንደ ሙጫ የሚይዘው እሱ ነው። ጨጓራ አድቅቆ አይጨርሰውም፣ ቁርጥራጩ አንጀት ይደርሳል። አንጀት ዘበኞች አሉት። የሌላው ሰው ዘበኞች ቁርጥራጩን አይተው «እለፍ» ይሉታል። የእኔዎቹ ግን አንዴ ጠላት ብለው መዝግበውታልና፣ ፍርፋሪ ባዩ ቁጥር ሰፈሩን ቀስቅሰው ተኩስ ይከፍታሉ። ጥይቱ ደግሞ የሚያርፈው ቤቱ ላይ ነው። አንጀት ከውስጥ እንደ ወፍራም ምንጣፍ ፀጉራም ነው፤ ምግብ የሚመጠጠው በዚያ ፀጉር ነው፤ የእኔ ምንጣፍ በተኩሱ ተላጭቶ፣ የበላሁት ሁሉ ዝም ብሎ ያልፍ ነበር። ከደሜ የሚለካው ቁጥር የጥይቱ ብዛት ነው በሉት። ስንዴ መግባቱን ካቆመ ዘበኞቹ ይረጋጋሉ፣ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ፀጉሩም መልሶ ይበቅላል። ካልወረደ ስንዴ እየገባ ነው። ሰው ቢምል ቢገዘት ቁጥሩ አይሰማም።

«ከየት እንደሚገባ ፈልጊ» አለኝ ዓብዲሰላም። «ብዙ ጊዜ ሰው ከሚጠረጥረው ቦታ አይደለም።»

«እኔ የምጠረጥረውን አውቃለሁ።»

«ሁሉም እንደዚያ ብሎ ነው ከዚህ ደረጃ የሚወርደው» አለና ቀጣዩን ሰው ጠራ።

ከዚያ በቀጥታ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ አየር ማረፊያው ሄድኩ። ባሺር የሚባል ደላላ እዚያ አካባቢ ክፍል አለ ብሎኝ ነበር። ክፍሉ ንጹሕ ነው። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ መስኮቱ ወደ ሜዳው ያያል፣ መጸዳጃው ከሦስት ተከራይ ጋር የጋራ ነው፣ ኪራዩ ዘጠና ዶላር። ወጥ ቤት የለውም። «ኮሪደሩ ላይ ምድጃ ታስቀምጫለሽ» አለኝ ባሺር፣ ወጥ ቤት የሌለው ቤት መሥራት የሥልጣኔ ምልክት ይመስል። መሐል ወለሉ ላይ ቆሜ አልጋዬን በዓይኔ ዘረጋሁ፤ ቀይ ሳህኔን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ። ዝም ያለ ክፍል ነበር። ማንም በስልክ አይጮህበትም። እንዲህ ያለውን ዝምታ ስመኝ ነበር የኖርኩት፤ ሳገኘው ግን ምን እንደማደርግበት ጠፋኝ።

«ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በፊት ቁርጡን ንገሪኝ፤ ሌላ ሰው ይፈልገዋል» አለ ባሺር። ቀጥሎም እንደ አገሩ ልማድ «የማን ልጅ ነሽ ግን?» ብሎ ጠየቀኝ። የአባቴን፣ የአያቴን፣ የእናቴን ወገን ስም እስከ አምስት ቤት ቆጠርኩለት። «አሃ» አለ፣ ስልኩን እያየ።

በመመለሻዬ እትዬ ከበደች ዘንድ ገባሁ። ሐሙስ የሳምንቱን እንጀራዬን የምወስድበት ቀን ነው። እትዬ ከበደች የኮምቦልቻ ሴት ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሀርጌሳ ኖራለች፤ ከአንድ ምግብ ቤት ጓሮ ባለች ክፍል እየጋገረች ለኢትዮጵያውያን ሾፌሮችና ለሦስት ምግብ ቤቶች ታቀርባለች። ከሐበርያር እጅ ውሃ እንኳ ፈርቼ ስጠጣ፣ የእሷን እንጀራ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምበላው። ጤፍ ግሉተን የለውማ። ደግሞም ዝም ብዬ አላመንኳትም፤ ረጋሳ የሚባለው የከባድ መኪና ሾፌር ከኢትዮጵያ የሚያመጣላትን ጆንያ አስከፍቼ፣ ዱቄቱን ዘግኜ አሽትቻለሁ። የእኔን ሁልጊዜ ከሌላው በፊት፣ ለእኔ ብቻ በተቀመጠ ምጣድ ትጋግራለች። የምላትን ሁሉ ታደርጋለች፤ ሐበርያር ከእሷ ብትማር እያልኩ ስንት ቀን አስቤያለሁ።

«ነይ ሻሚስዬ! ውይ፣ ከስተሻል!»

«ባለፈው ሳምንት ወፍረሻል ብለሽኝ ነበር።»

«እሱም እውነት ነበር» አለች፣ ክርኗ ድረስ ሊጥ ውስጥ ገብታ። ከፊቷ ሁለት ባልዲ ነበር። ሰማያዊው የምግብ ቤቶቹ፣ ነጩ ለመጪው ሳምንት የምታቦካልኝ የእኔ። ውጤቱን ነገርኳት። እጇን ከሊጡ አውጥታ ደረቷን መታች፤ ደረቷ ላይ አምስት ጣት ቀረ።

«እዚያ ቤት እያስነኩሽ ነው! አላልኩሽም? ውጪላቸው እቴ! ሰው እንዴት በገዛ ዘመዱ ይታመማል?» አለችና፣ በብስጭቷ መሐል ጆጓን ሰማያዊው ባልዲ ውስጥ ነክራ፣ ከላይ ያቀረረውን ቢጫ ውሃ ቀድታ ነጩ ባልዲ ላይ ገለበጠችው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የቱ?»

«አሁን የጨመርሽው።»

«እርሾ ነዋ! ያለ እርሾ የሚቦካ ሊጥ አለ እንዴ?»

«ሁልጊዜ ከዚህኛው ነው የምትቀጂው?»

«አዎ፣ የምግብ ቤቶቹ ብዙ ስለሆነ እርሾው ብርቱ ነው።»

«እዚህኛው ውስጥ ምን አለ?»

እትዬ ከበደች በሩን አየች። ከዚያ መስኮቱን አየች።

«ጤፍ ነዋ።»

«እትዬ።»

«ጤፍና ሩዝ።»

«እትዬ ከበደች!»

«ጤፍ፣ ሩዝ፣ ትንሽ ደግሞ የስንዴ ዱቄት። ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል! በዚህ የጤፍ ዋጋ ምን ላድርግ? ያንቺን ግን በማርያም እምላለሁ፣ አንድ ፍሬ ስንዴ አልነካውም!»

«እርሾው ነካው እኮ።»

«እርሾ ውሃ አይደለም እንዴ?» አለችኝ፣ ከልቧ።

ሰባት ወር ሙሉ የሊፕስቲክ ሣጥን ጀርባ አንብቤያለሁ። የራስ ምታት ክኒን ከምን እንደተሠራ ለፋርማሲስቱ አስረድቻለሁ። ሐበርያርን ስለ አንዲት ማንኪያ አኩርፌያታለሁ። በየቀኑ የምበላውን እንጀራ ምን እንዳቦካው ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁም፤ የምወዳትን ሴት፣ የምወደውን እንጀራ ማን ይጠረጥራል? እትዬ ከበደች ከፊቴ ላይ ነገሩን አንብባ እንባዋ መጣ። «እኔ ነኝ ለካ» አለች። እኔም አብሬያት ላለቅስ ስል፣ «ለምግብ ቤቶቹ እንዳትነግሪብኝ ብቻ» ስትለኝ ሳቅ አመለጠኝ። አዲስ እርሾ ከየት እናምጣ ተባባልን። በሰፈሩ ያሉ የአገር ቤት ሰዎች ሁሉ እርሾ ሲያልቅባቸው የሚበደሩት ከእሷ ነው፤ ስለዚህ በየቤቱ ያለው ያው የሰማያዊው ባልዲ ልጅ ነው። ከባዶ ማስነሣት ሳምንት ይፈጃል፣ እሱም ከበጀ። ባዶ እጄን ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። አዴር ካሂን ከመስጊድ አልተመለሱም፣ ሐበርያር ክፍሏ ውስጥ እየሰገደች ነበር። ወጥ ቤቱ አልተቀረቀረም። ውሃ ልጠጣ ገባሁና ጄሪካኑን ሳነሣ ከኋላው የተሸጎጠ ነገር አየሁ። ክዳኑ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም የተቀባ የፕላስቲክ ዕቃ፤ አጠገቡ እጀታዋ ቀይ የሆነ ትንሽ አዲስ መጥበሻ፤ ከሥሩ ቀይ ክር የታሰረባት የማሽላ ከረጢት። ቀለሙ የእኔ ነው። ጠርሙሱ ለምን ቶሎ እንዳለቀ ግራ ገብቶኝ ነበር። ክዳኑን ከፈትኩ። ቡናማ ሊጥ፣ ላዩ አረፋ የሰራ፣ ደስ የሚል ኮምጣጣ ሽታ ያለው።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አለች ሐበርያር ከኋላዬ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሊጥ።»

«የምን?»

«የማሽላ። የላሖሕ።» ላሖሕ የእነሱ ቀጭን እንጀራ ነው፤ በየቤቱ ጠዋት ይጋገራል፣ ስንዴ ሳይገባበት የሚጋግረው ግን ብዙ አላየሁም። «ያለ ስንዴ አልያዝ አለኝ። ይፈራርሳል። ሁለት ወር ለፍየል ስሰጥ ከረምኩ። አሁን ሦስት ቀን ሆነው፣ ያዘ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትበዪ ነበር?»

ክፉ ልማዴ አሁንም አልለቀቀኝም፤ «ማሽላውን የት አስፈጨሽው?» አልኳት። እንደ መርማሪ ፖሊስ።

«ወፍጮ ቤቱ ስንዴ ሲፈጭ ይውላል፣ ድንጋዩን ማን ያጥበዋል? እኔ ነኝ የወቀጥኩት።»

ወፍጮውን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

«ፓስታውንስ ለምን ውጭ ታበስያለሽ?»

«እንፋሎቱ ሊጥሽ ላይ እንዳያርፍ።»

በእንፋሎት ግሉተን አይሄድም። አውቃለሁ፤ አንብቤያለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማውቀውን ዋጥኩት። ከዚያ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ እርሾው፣ ስለ ሰማያዊው ባልዲ ነገርኳት። አንቺን ነበር የጠረጠርኩት ማለት አላስፈለገኝም፤ ጠዋት ለእናቴ በስልክ ስትናገረው ሰምቻለሁ። ሐበርያር አዳመጠች፣ አዳመጠች፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዛ መሳቅ ጀመረች። «ያገርሽ እንጀራ!» ትላለች፣ በስደት ዘመኗ ድሬዳዋ በተማረችው አማርኛ፣ «ንጹሕ ጤፍ! እንደ ልጅ ታቅፈሽው የምትመጪው!» ሳቋ ሳል ሆኖ ጀርባዋን መታሁላት። አዴር ካሂን ገብተው ነገሩ ሲነገራቸው ትንሽ አሰቡና፣ «ስለዚህ ፓስታዬ ንጹሕ ነበር ማለት ነው? ሁለት ወር ያለ ጥፋቱ ፀሐይ ላይ ቆሟል» አሉ።

ምሳ ሲቀርብ እንደ ልማዴ ወደ ዱካዬ ሄድኩ።

«ወዴት ነው?» አለች ሐበርያር።

ትሪው ተፈትጎ ታጥቧል። ሩዝ፣ የፍየል ሥጋ፣ ዙሪያውን አራት አራት ታጥፎ የተደረደረ ቡናማ ላሖሕ። ፓስታ የለም። «ላሖሕ በምሳ?» አሉ አዴር ካሂን። «ዛሬ በምሳ ነው» አለቻቸው። ተቀመጥኩ። ጉልበቴ የሐበርያርን ጉልበት ነካ። ላሖሑ ጠርዙ ላይ ይቆራረጣል፣ ጨው በዝቶበታል፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ለስላሳና ሞቃት ነው። ሁለተኛውን እየቆረስኩ ስልኬ ጠራ። ባሺር ነው።

«ለሌላ ሰው ስጠው» አልኩት፣ የጎረስኩትን ሳልውጥ።

ሐበርያር ቀና አላለችም። «የአጎቴ የልጅ ልጅ ነው» አለች፣ ከአጥንቱ ላይ ሥጋ እየለየች። «ገና ከግቢው ሳትወጪ ነው የደወለልኝ። ወጥ ቤት የለውም አለ። ምን ልትበዪበት ነበር?»

ላሖሔን መቁረሴን ቀጠልኩ። እሷ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባችና በአንዲት አዲስ ብርጭቆ ሙሉ ከቀዩ ዕቃ ሊጥ ቀድታ፣ በላስቲክ ሸፍና በክር አሰረችው። «ለዚያች ሴትዮ ማታ አድርሺላት፤ እርሾ ይሁናት። ባልዲውን ጥላ አዲስ ትግዛ። ከሌላው ጋር ካዋሐደችው ግን እኔ ራሴ እመጣባታለሁ በያት።»

በብረቱ በር ክፍተት አንዲት ፍየል አንገቷን አስግጋ ትሪውን ታይ ነበር። ሁለት ሌሎች ከኋላዋ ተሰልፈዋል።

«ዛሬ የሚተርፍ የለም» አለቻት ሐበርያር፣ የመጨረሻውን ላሖሕ ወደ እኔ እየገፋች።